ክንድ ወደ ላይ ሲነሣ፦ የወጣት ስፖርተኞች የነርቭና የደም ዝውውር ሕመም እንዴት ይለያል?

በስፖርት ሜዳ ዳር ክንዱ እንደደነዘዘ፣ ጣቶቹ እንደቀዘቀዙ ወይም እጁ እንደከበደው የሚናገር ወጣት የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አያልፍም፤ አሰልጣኙ «ጡንቻህ ደክሟል፣ ትንሽ ዕረፍ» ይለዋል፣ ቤተሰቡ ደግሞ «ነርቭ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም መልሶች ግማሽ እውነት አላቸው፤ ጡንቻም ይደክማል፣ ነርቭም ይጎዳል። ይሁን እንጂ ከአንገትና ከደረት ተነሥተው ወደ ጣት ጫፍ የሚወርዱት ነርቮችና የደም ሥሮች በመንገዳቸው ላይ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ስለሚያልፉ የአንዱ ሕመም የሌላውን መስሎ ይታያል። ከዚህም በላይ ሕመሙ ክንዱ ሲሠራ ብቅ ብሎ ሲያርፍ የሚሰወር በመሆኑ፣ ወጣቱ እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ ሐኪም ፊት ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ አንዳች ምልክት አይገኝበትም። በዚህ ምክንያት ምርመራው ከመሣሪያ ርቀት ይልቅ በአንድ ቀላል መርህ ላይ ይቆማል፤ ክንዱ መመርመር ያለበት በሚያርፍበት አኳኋን ብቻ ሳይሆን በሚታመምበት አኳኋን ጭምር ነው።

ሦስት ጠባብ በሮች

ለክንድ የሚያገለግሉት ነርቮች ከታችኛው የአንገት አከርካሪ አካባቢ በአምስት ሥሮች ይወጡና፣ ተገናኝተውና ዳግም ተከፋፍለው በሕክምና ብራኪያል ፕሌክሰስ የሚባለውን የነርቭ መረብ ይሠራሉ። ከልብ ወደ ክንድ ደም የሚያደርሰው ዋናው ደም ቅዳ፣ ማለትም አርተሪ፣ ከዚህ መረብ ጋር አብሮ ይጓዛል፤ ደሙን ወደ ልብ የሚመልሰው ደም መልስ፣ ማለትም ቬይን፣ ደግሞ ጥቂት ወደ ፊት ፈንጠር ብሎ ያልፋል። ሦስቱም ብብት ለመድረስ በተከታታይ ጠባብ ቦታዎች መሹለክ አለባቸው። የመጀመሪያው ስኬሊን በሚባሉ ሁለት የአንገት ጡንቻዎች መካከል ያለው ክፍተት ሲሆን፣ ነርቮቹና ደም ቅዳው በዚያ ሲገቡ ደም መልሱ ግን ከፊተኛው ጡንቻ ፊት ለፊት ይሄዳል። ሁለተኛው ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ በተዘረጋው አጥንት፣ ማለትም በክላቪክል፣ እና በመጀመሪያው የጎድን አጥንት መካከል ይገኛል። ሦስተኛው ከደረት ወደ ትከሻ በሚሄድ ትንሽ ጡንቻ ሥር ነው።

እጅ ከራስ በላይ ተነሥቶ ወደ ኋላ ሲለጠጥ፣ መረብ ኳስ መቺው፣ ጦር ወርዋሪው፣ ዋናተኛውና ክብደት አንሺው በየቀኑ እንደሚያደርጉት፣ በክላቪክልና በጎድን አጥንቱ መካከል ያለው ክፍተት ይበልጥ ይጠባል፤ በትንሹ ጡንቻ ሥር የሚያልፉትም ይወጠራሉ። የገበያ ቀን ሰውም አህያም እንደሚጋፋበት ጠባብ ድልድይ ሁሉ፣ ጥፋቱ የመንገዱ እንጂ የአላፊዎቹ አይደለም። ሥልጠና ደግሞ መንገዱን ራሱን ይለውጠዋል፤ የአንገትና የደረት ጡንቻዎች ሲወፍሩ ክፍተቱን ይሻማሉ፣ ትከሻው ወደ ፊት ሲጎብጥ ደግሞ አጥንቱ ዝቅ ይላል። ጥቂት ሰዎች፣ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞሉ፣ ከመጨረሻው የአንገት አከርካሪ የሚነሣ ትርፍ የጎድን አጥንት ይዘው ይወለዳሉ፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ አጥንቱ እንዳላቸው ሳያውቁ ይኖራሉ።

ይህ ትርፍ አጥንት የሚያመጣው ጣጣ ለቀዶ ሐኪሞች አዲስ አይደለም። በለንደን ሆልምስ ኩት የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1861 አጥንቱን በቀዶ ሕክምና አስወግዷል። ትርፍ አጥንት በሌለበትም ቢሆን በዚያው ስፍራ የሚደርሰው መጨናነቅ ሁሉ በአንድ ስም የተጠቃለለው ግን ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፤ ስሙም ቶራሲክ አውትሌት ሲንድረም፣ ማለትም የደረት መውጫ ሕመም፣ ተባለ። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሕመሙ አንድ አይደለም፤ የተጨነቀው ነርቭ፣ ደም መልስ ወይም ደም ቅዳ እንደመሆኑ ምልክቱም፣ አደጋውም፣ የሚሰጠው ጊዜም ይለያያል።

ቀለሙ፣ እብጠቱ፣ ጣቱ

ከአሥር ሕሙማን ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት የነርቭ ዓይነት ነው ያለባቸው። ወጣቱ ከአንገቱ እስከ ትንሿ ጣቱ የሚወርድ መጠዝጠዝ፣ ዕቃ ከእጅ የማምለጥ ስሜትና እጅ ሲነሣ የሚብስ ድካም ይናገራል። የትኛው ጣት እንደሚደነዝዝ መጠየቅ ለሐኪሙ ግማሽ ምርመራ ነው፤ ትንሿና የቀለበት ጣት የታችኛውን የነርቭ መረብ ወይም በክርን በኩል የሚያልፈውን አልናር የተባለ ነርቭ ሲያመለክቱ፣ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ግን በእጅ አንጓ የሚያልፈውን ሚድያን ነርቭ ወይም የአንገት አከርካሪን ያስጠረጥራሉ። መደንዘዙ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ሐኪሙ ወደ እጅ አንጓው፣ ራስን ወደ ጎን በማዘንበል የሚቀሰቀስ ከሆነ ደግሞ ወደ አንገቱ ፊቱን ያዞራል።

የደም መልስ ዓይነት ግን እንዲህ አይለማመጥም። ከከባድ ልምምድ በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ፣ ክንዱ በሙሉ ያብጣል፣ ይከብዳል፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ በትከሻና በደረት ላይ ከዚህ በፊት ያልታዩ የደም ሥሮች ተገትረው ይወጣሉ። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ሲቀጠቀጥ የኖረው ደም መልስ ውስጥ ደም ረግቷል ማለት ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1875፣ ኦስትሪያዊው ፎን ሽሮተር ደግሞ በ1884 ስለገለጹት ሕመሙ በሁለቱ ስም ይጠራል። በቅርጫት ኳስ ዓለም ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ብራንደን ኢንግራም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 በ21 ዓመቱ በቀኝ ክንዱ ደም ረግቶ ተገኝቶበት የደረት መውጫውን የሚያሰፋ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ፈረንሳዊው ቪክቶር ዌምባንያማም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 በቀኝ ትከሻው የረጋ ደም ስለተገኘ የቀረውን የውድድር ዘመን አልተጫወተም። የረጋው ደም ተቆርሶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ስለሚችል እንዲህ ያበጠ ክንድ የነገ ቀጠሮ አይጠብቅም።

> ያበጠና ወደ ሰማያዊ ያደላ ክንድ የነገ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ የነጣና የቀዘቀዘ እጅ ደግሞ ሰዓታትን እንኳ አይጠብቅም።

የደም ቅዳ ዓይነት ከሁሉም ብርቅ፣ ከሁሉም አስፈሪ ነው። ብዙውን ጊዜ ከትርፍ አጥንት ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ቧንቧው በአጥንቱ ሲታሽ ግድግዳው ይቆስላል፣ ይሰፋል፣ በውስጡም ትንንሽ የረጋ ደም ይሠራል፤ ይህም ወደ ጣቶች እየተወነጨፈ ያነጣቸዋል፣ ያቀዘቅዛቸዋል። ጤነኛ ወጣት በሞቃት ቀን አንድ እጁ ብቻ ቀዝቅዞና ነጥቶ ከታየ ከባድ ነገር እስኪወገድ ድረስ ከባድ እንደሆነ መቁጠር ይገባል።

ያልታመነው ወርዋሪ

የደም ቅዳው ጉዳይ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳየው የአሜሪካዊው የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪ የጄ. አር. ሪቻርድ ታሪክ ነው። ሪቻርድ የሂውስተን አስትሮስ ቡድን ግዙፍ ወርዋሪ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1978 እና በ1979 በየዓመቱ ከ300 በላይ ተጋጣሚዎችን ኳስ ሳያስመታ አሰናብቷል። በ1980 የውድድር ዘመን ግን ክንዱ «እንደሞተ» መናገር ጀመረ፤ ጥቂት ወርውሮ ይደክማል፣ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። ጋዜጦችና ደጋፊዎች በስንፍና፣ ከዚያም አልፎ በቡድን ጓደኛው ደመወዝ በመቅናት ጠረጠሩት። በሐምሌ ወር በተደረገለት የሆስፒታል ምርመራ የክንዱ ደም ቅዳ መዘጋት ቢታይም አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና እንደማያስፈልገው ተወሰነ። ከቀናት በኋላ፣ ሐምሌ 30 ቀን 1980፣ በስታዲየሙ ቀለል ያለ ልምምድ ሲያደርግ በስትሮክ ወደቀ፤ የ30 ዓመት ሰው ነበር።

ክንድ ላይ የረጋ ደም እንዴት ወደ አንጎል ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በቀኝ በኩል ወደ ክንድ የሚሄደው ደም ቅዳና በአንገት ወደ አንጎል የሚወጣው ደም ቅዳ የሚነሡት ከአንድ የጋራ ግንድ ነው፤ ስለዚህ የክንዱ ቧንቧ ሲዘጋ የረጋው ደም ወደ ኋላ አድጎ መገንጠያው ላይ ከደረሰ ወደ ላይ ሊወሰድ ይችላል። ሪቻርድ የቀኝ አንጎሉ ተጎድቶ ግራ ጎኑ ሰነፈ፤ ሕይወቱ በቀዶ ሕክምና ቢተርፍም ወደ ዋናው ሊግ አልተመለሰም። እ.ኤ.አ. በ2021 አርፏል።

አለመታመን የነርቭ ዓይነቱም ዕጣ ነው። ማርኬል ፉልትዝ እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ ምርጫ አንደኛ ሆኖ ሲወሰድ አወራወሩ የተመሰከረለት ወጣት ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ኳስ ወደ ቅርጫት ሲወረውር እጁ መሃል ላይ ይደናቀፍ ጀመር። ብዙዎች ችግሩ የሥነ ልቦና ነው ብለው ተሳለቁበት። ከበርካታ ስፔሻሊስቶች ዘንድ ከዞረ በኋላ በታኅሣሥ 2018 የነርቭ ዓይነት የደረት መውጫ ሕመም እንዳለበት ተነገረው። ምስል የማያሳየው፣ ደም የማይመሰክርለት ሕመም ከበሽተኛው ቃል በቀር ጠበቃ የለውም።

ልብስ ሳይወልቅ የማይጀመር ምርመራ

በደንብ የሚሠራ ሐኪም ክፍል ውስጥ የሚሆነው ነገር ከውጭ ሲታይ ተራ ነው። ወጣቱ ከወገቡ በላይ ልብሱን አውልቆ ከመስተዋት ወይም ከሐኪሙ ፊት ይቆማል፤ ሐኪሙ ለጥቂት ጊዜ ሳይነካው ያየዋል። አዘውትሮ የሚሠራበት እጅ ከሌላው መወፈሩ በስፖርተኛ ላይ የሚጠበቅ ነው፤ የማይጠበቀው በአውራ ጣት ሥር ያለው የመዳፍ ሥጋ መሟሸሹ ወይም ከጀርባ በጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት ላይ ጉድጓድ መታየቱ ነው። ይህ የጀርባ ጉድጓድ በመረብ ኳስ መቺዎች ዘንድ የታወቀ ሲሆን፣ ሱፕራስካፑላር የተባለው ነርቭ በአጥንቱ ጠርዝ ላይ በየምቱ እየተወጠረ ሲጎዳ የሚያገለግለው ጡንቻ ስለሚከሳ የሚመጣ ነው፤ ሕመም ስለሌለው ተጫዋቹ የሚያውቀው ሌላ ሰው ሲነግረው ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ጣት ወደ እጅ አንጓ ይሄዳል። በሁለቱም እጆች ያለው ትርታ ይነጻጸራል፣ የደም ግፊት በሁለቱም ክንዶች ይለካል። በብዙ የጤና ተቋማት ግፊት በአንድ ክንድ ብቻ መለካት የተለመደ በመሆኑ ይህ ዋጋ የማይጠይቅ ምርመራ በከንቱ ይታለፋል፤ በሁለቱ መካከል የሃያ ነጥብ ያህል ልዩነት ከተገኘ ግን ከመንገዱ ላይ አንድ ቦታ ጠብቧል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ልዩነቱም ሁልጊዜ ከስፖርቱ የመጣ አይደለም። ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ሚኪቶ ታካያሱ እ.ኤ.አ. በ1908 ባስተዋወቀው የትልልቅ ደም ቅዳዎች መቆጣት የሚያዙት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ክንዳቸው ቶሎ ይዝላል፣ ትርታቸውም ሊጠፋ ይችላል። እንዲህ ያለችውን ስፖርተኛ «ልምምድ አብዝተሻል» ብሎ መሸኘት ትልቅ ስሕተት ነው።

ቀጥሎ ስሙ የወጣለት የሦስት ደቂቃው ፈተና ይመጣል። ወጣቱ ሁለቱንም ክንዶቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ክርኖቹን ወደ ላይ ያጥፍና ሦስት ደቂቃ ሙሉ መዳፉን በዝግታ ይጨብጣል፣ ይዘረጋል። ጤነኛ ሰው ድካም ይሰማዋል እንጂ ይጨርሳል፤ ነርቩ የተጨነቀው ግን ብዙ ጊዜ ሳይጨርስ መጠዝጠዙ ከጣቱ ተነሥቶ ክንዱን ያዳርስና እጁን ያወርዳል። ሐኪሙ በዚያ ጊዜ የሚመለከተው ሰዓቱን ብቻ አይደለም፤ አንዱ መዳፍ ከሌላው ነጥቶ ወይም ወደ ሰማያዊ አድልቶ እንደሆነ፣ ፊቱ ላይ የሚነበበውም ምን እንደሆነ ያስተውላል።

ከዚህ የቆየው የአድሰን ፈተና፣ እ.ኤ.አ. በ1927 ከተገለጸበት ጊዜ ጀምሮ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚገኘው፣ ታማሚው በጥልቀት ተንፍሶ አንገቱን ሲያዞር የእጅ አንጓው ትርታ ይጠፋ እንደሆነ ያያል። ችግሩ የብዙ ጤነኞች ትርታም እንዲሁ የሚጠፋ መሆኑ ነው። የሚጠፋ ትርታ ብቻውን ሕመም አያረጋግጥም፤ የሚፈለገው ወጣቱ በሜዳ የሚሰማው ያው ሕመም በፈተናው መቀስቀሱ ነው። ልምድ ያላቸው ፊዚዮቴራፒስቶች ስለዚህ ኳስ መቺውን እንደሚመታ፣ ዋናተኛዋን እንደምትቀዝፍ እጅ እያስነሡ ይመረምራሉ።

> የሚጠፋ ትርታ ብቻውን ሕመም አያረጋግጥም፤ የሚፈለገው የሜዳው ሕመም በፈተናው መቀስቀሱ ነው።

መሣሪያ የሚያየውና የማያየው

የአንገትና የደረት ራጅ ርካሽ ነው፤ ትርፍ የጎድን አጥንትን ያሳያል። ዶፕለር አልትራሳውንድ፣ ማለትም የደምን ፍሰት በድምፅ ሞገድ የሚከታተለው ምርመራ፣ የረጋ ደምንና የቧንቧ መጥበብን ይለያል፤ ሆኖም ባለሙያው ክንዱን አሳርፎ ብቻ ካየ ጉዳዩን ሊያጣው ይችላል። ክንዱ ሲነሣ ፍሰቱ ሲቋረጥ የሚታየው በዚያው አልትራሳውንድ ነው። የሲቲና የኤምአርአይ የደም ሥር ምስሎችም በሁለቱም አኳኋን፣ እጅ ወርዶና ተነሥቶ፣ ሲነሡ ነው ትርጉም የሚኖራቸው።

በነርቭ በኩል የሚጠበቀው የነርቭ ፍጥነት ምርመራ ብዙ ቤተሰቦችን ያሳዝናል። ምርመራው በክርንና በእጅ አንጓ ያሉ መጨናነቆችን በመለየት ረገድ ጎበዝ ሲሆን፣ በደረት መውጫ ግን ነርቩ በግልጽ ካልሞተ በቀር ብዙ ጊዜ «ጤነኛ» የሚል ውጤት ይዞ ይመጣል። አንዳንድ ማዕከላት ስለዚህ በአልትራሳውንድ እየተመሩ በአንገቱ ስኬሊን ጡንቻ ውስጥ የማደንዘዣ መድኃኒት ይወጋሉ፤ ጡንቻው ለጥቂት ሰዓታት ሲላላ ሕመሙ ከለቀቀ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የነርቭ ሐኪሞችና የቀዶ ሐኪሞች በዚህ ጉዳይ ዛሬም አይስማሙም፤ የመጀመሪያዎቹ በምርመራ ያልታየ የነርቭ ጉዳት ላይ አጥንት ማውጣት ድፍረት ነው ሲሉ፣ ሁለተኞቹ ጡንቻው እስኪሟሽሽ መጠበቅ መዘግየት ነው ይላሉ። የሁለቱንም ክርክር ለሰማ ሰው፣ ማን ላይ ቀዶ ሕክምና እንደሚደረግ መምረጡ ከቀዶው ራሱ ይከብዳል።

ደረት መውጫው ንጹሕ ሲሆን

ሁሉን ነገር ከአንገት ሥር መፈለግም የራሱ ወጥመድ አለው። በመረብ ኳስ ተጫዋቾች ላይ የላይኛውን የክንድ አጥንት ዞሮ የሚያልፍ አንድ ትንሽ ደም ቅዳ በተደጋጋሚ ምት ተለጥጦ ይሰፋና ትንንሽ የረጋ ደም ወደ ጣቶች ይልካል፤ የሚመታበት እጅ ጣቶች ይቀዘቅዛሉ፣ የእጅ አንጓው ትርታ ግን ደህና ስለሚሆን መርማሪው ይታለላል። በመዳፋቸው ጠርዝ ኳስ ወይም ሰሌዳ የሚመቱ፣ እንደ እጅ ኳስ ተጫዋቾችና ካራቴ ሠሪዎች ያሉት፣ እዚያው መዳፍ ላይ ያለውን ደም ቅዳ ያቆስሉታል። ብስክሌት ጋላቢዎች ደግሞ መሪውን ለረጅም ሰዓት ተደግፈው ሲጋልቡ በመዳፋቸው ሥር የሚያልፈው አልናር ነርቭ ይጫናል፤ ትንሿ ጣት ትደነዝዛለች፣ እጅ ይዝላል፣ መፍትሔውም አንዳንዴ ከጓንትና ከመሪው ከፍታ አያልፍም። የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪዎችና ቀዛፊዎች የሚያማርሩት የክንድ መወጠር ደግሞ ጡንቻው በሚሸፍነው ጠንካራ ሽፋን ውስጥ አብጦ የሚጨነቅበት ሌላ ሕመም ነው። የሁለቱም እጆች ጣቶች በብርድ ጊዜ ነጥተው፣ ከዚያ ሰማያዊ ሆነው፣ በመጨረሻ የሚቀሉ ከሆነ ሞሪስ ሬይኖ እ.ኤ.አ. በ1862 የገለጸው ሁኔታ ሊሆን ይችላል፤ በወጣት ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም።

በወጌሻ እጅ

የኢትዮጵያ ስፖርት ስሙን ያገኘው በእግር በመሆኑ የስፖርት ጉዳት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ነው። ክንዱ የታመመ የመረብ ኳስ ወይም የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚያገኘው ወጌሻውን ነው። ልምድ ያለው ወጌሻ ለውልቃትና ለጡንቻ መሸማቀቅ የሚያውቀው ነገር እንዳለ የሚክድ የለም፤ ነገር ግን በድንገት ያበጠና ወደ ሰማያዊ ያደላ ክንድ መታሸት የለበትም፤ መታሸቱ የረጋውን ደም ቆርሶ ወደ ሳንባ ሊሰድደው ይችላልና። ከሜዳ ዳር ያለ ሰው ሊያውቀው የሚገባው ልዩነት ጥቂት ነው፤ ሁለቱን እጆች ጎን ለጎን አድርጎ ቀለማቸውን፣ ውፍረታቸውንና ሙቀታቸውን ማነጻጸር ይበቃል። የነርቭ ምርመራ የሚደረግባቸው ማዕከላት ውስን ይሁኑ እንጂ የደም ግፊት መለኪያና ራጅ ከትልልቅ ከተሞች ውጭም ይገኛሉ።

ወደ ሜዳ መመለስ

ሕክምናው ሦስቱን ዓይነቶች ተከትሎ ይለያያል። የነርቭ ዓይነት የሚጀመረው በፊዚዮቴራፒ ነው፤ ወደ ፊት የጎበጠውን ትከሻ መመለስ፣ የደረቱን ትንሽ ጡንቻ ማፍታታት፣ ከጀርባ ያሉትን ማጠንከር። ወራት ይወስዳል፣ ብዙዎችንም ከቀዶ ያድናል። ፉልትዝም ወደ ሜዳ የተመለሰው ረዘም ያለ የፊዚዮቴራፒ ጊዜ አሳልፎ ነው። በደም መልስ የረጋን ደም በቀጭን ቱቦ በሚሰጥ መድኃኒት ማሟሟት ይቻላል፤ ይህ ዘዴ በደንብ የሚሠራው ግን ምልክቱ በጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተደረሰበት ነው፤ ከዚያም የሚጨቁነው የመጀመሪያው የጎድን አጥንት እንዲወጣ ይመከራል። የደም ቅዳው ግን አጥንቱን ማስወገድና የተጎዳውን ቧንቧ መጠገን ይጠይቃል።

በሐኪሞችና በክለቦች መካከል ትልቁን ክርክር የሚያስነሣው ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መድኃኒት ነው። መድኃኒቱን እየወሰደ ያለ ተጫዋች በግጭት ወይም በመውደቅ የውስጥ ደም መፍሰስ ሊደርስበት ስለሚችል ቅርጫት ኳስን በመሰለ አካል የሚነካካበት ውድድር አይሰለፍም፤ ሕክምናውም አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ሦስት ወር ይዘልቃል። አጥንቱ ሳይወጣ መድኃኒቱን ማቆም ደሙ ዳግም እንዲረጋ መንገድ ይከፍታል፣ አጥንቱን ማውጣት ደግሞ ከነርቭና ከደም ሥር አጠገብ ቢላ ማስገባት ነው። ኢንግራም ቀዶውን መርጦ በቀጣዩ የውድድር ዘመን ተመለሰ፤ በዚያው ዘመንም በሊጉ ከሁሉ በላይ የተሻሻለ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። ከራስ በላይ እየወረወሩ የሚኖሩት የቤዝቦል ወርዋሪዎች ዕድል ግን የተቀላቀለ ነው፤ ስማቸው የገነነ አንዳንዶች ከዚያው ቀዶ በኋላ የቀድሞ ፍጥነታቸውን አላገኙም።